አሥር መስመር ለመጻፍ የፈጀ አሥራ አራት ወር

ክቡር ዶክተር አብደልራሒም፣ አቶ በለጠ፣ ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤

ይህን ግብዣ ስላዘጋጃችሁልኝ አመሰግናለሁ። ወንበር የደረደራችሁትን፣ ከአል-ሳሃፋ ገበያ በዚህ ፀሐይ ሳንቡሳ ተሸክማችሁ የመጣችሁትን፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ግድግዳው ላይ የሰቀላችሁትን ጨርቅም አይቼዋለሁ። «ለኮምፒውተር ጠጋኛችን ለሰፋ፣ መልካም ጉዞ» ይላል።

እዚህ የሕክምና ማዕከል ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ስሠራ ሥራዬ ሰርቨሩን፣ የላብራቶሪው ውጤት ሁሉ የሚቀመጥበትን ዋና ኮምፒውተር፣ መጠበቅ ነበር። ግን ጨርቁ አልተሳሳተም፤ ብዙ ጠግኛለሁ። ፎቶኮፒ ማሽን ጠግኛለሁ። የመጠጥ ውሃ ማቀዝቀዣውን ሁለት ጊዜ ጠግኛለሁ። የአስተዳዳሪያችንን የአቶ በለጠን ስልክ ስንት ጊዜ እንደጠገንኩ እሳቸው ራሳቸው አያውቁትም። ሰርቨሩን እንድነካ ብቻ ነው ፈቃድ ያጣሁት።

በአማርኛ እንድናገር የጠየቅሁት ከግማሽ በላይ የምንሆነው የሐበሻ ልጆች ስለሆንን ነው። ለዋና ኃላፊያችን ለዶክተር አብደልራሒም አጠገባቸው የተቀመጠችው ሐምዲያ ትተረጉምላቸዋለች። ሐምዲያ የላብራቶሪያችን ኃላፊ ናት፤ እንደ እኔ እናቷ ሐበሻ፣ አባቷ ሱዳናዊ ነው። ሐምዲያ፣ አደራ፣ ሳታለሳልሺ ተርጉሚ። እኔ አማርኛ የተማርኩት ከእናቴ ከወይንሸት ነው፤ እሷ ደግሞ አብዝታ የምትናገረው ስትቆጣ ነበር። ስለዚህ ንግግሬ ቁጣ ከመሰላችሁ፣ ማሊሽ፣ ይቅርታ፣ ሌላ አማርኛ የለኝም።

አዲስ የገባችሁ ስላላችሁ ነገሩን ከመጀመሪያው ልናገረው። ከስምንተኛው ወር በኋላ የተቀጠራችሁ ሁሉ ታሪኩን የሰማችሁት ከአስተዳደሩ ነው። የአስተዳደሩ ታሪክ ደግሞ አጭርና ንጹሕ ነው፤ መብራት ጠፋ፣ መብራት መጣ፣ አስተዳደሩ ችግሩን ፈታ።

የላብራቶሪው ፕሮግራም የሚሠራውን ሁሉ ከነሰዓቱ አንድ ፋይል ላይ ይጽፋል። ማን ገባ፣ የትኛው ማሽን ውጤት ላከ፣ ምን ተበላሸ። ሎግ ይባላል። በር ላይ ዘበኛችን ሻምበል የገባውንና የወጣውን የሚመዘግብበትን ደብተር አስቡት። የሻምበል ደብተር ሲያልቅ ሻምበል አዲስ ያወጣል፣ በአሮጌው ላይ ቀን ጽፎ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጣል፣ በጣም ያረጀውን ይጥላል። ለዚህ የማንንም ፊርማ ጠይቆ አያውቅም። ሰርቨራችን ግን ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ደብተር ላይ ይጽፍ ነበር።

በፈረንጆቹ 2021 በስድስተኛው ወር አንድ ገጽ ደብዳቤ ለአቶ በለጠ ጻፍኩ። የጠየቅሁት ይህን ነበር፤ ሰርቨሩ በየቀኑ ሎጉን ራሱ ይዝጋ፣ ቀን ይጻፍበት፣ ይጭመቀው፣ የዘጠና ቀኑን ያስቀምጥ፣ ከዚያ ያለፈውን ያጥፋ፣ ፕሮግራሙንም «አዲስ ፋይል ክፈት» ይበለው። መሣሪያው ከሰርቨሩ ጋር አብሮ የመጣ ነው። የሚገዛ ነገር የለም። አሥር መስመር መጻፍ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ግን ደንብ ነበረን፤ ያለ አቶ በለጠ ፊርማ ሰርቨሩ ላይ ነጥብ እንኳ አይቀየርም።

አቶ በለጠ ደብዳቤውን አነበቡና «ዲስኩ ሞልቷል?» አሉኝ።

«አልሞላም፤ ግን ይሞላል።»

«መቼ?»

«በዚህ አካሄድ ዓመት ገደማ።»

«እንግዲያው ዓመት አለን» አሉና ደብዳቤውን መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት።

ከዚያ በኋላ አራት ጊዜ አስታወስኳቸው። በአራተኛው ጊዜ «ሰፋ፣ አንቺ ከዚህ ፋይል ጋር ምን አለሽ?» አሉኝ። የሚያስቅ መስሏቸው ነበር። ቢሮ ውስጥ የነበሩትም ሳቁ። አቶ በለጠ ቀልድ ሲናገሩ የማይስቅ ሠራተኛ በዚህ ግቢ አይታወቅም።

ዓመቱ አለፈ። በ2022 በሰባተኛው ወር፣ አንድ ማክሰኞ፣ ጠዋት ከሦስት ሰዓት በኋላ ዲስኩ ሞላ። ዝናብ ስለነበረ ታካሚው ሁሉ ወደ ውስጥ ገብቶ ኮሪደሩ ተጨናንቋል። የደም መመርመሪያ ማሽኖቹ ይሠራሉ፤ ውጤቱ ግን አይመዘገብም። ስክሪኑ ላይ «ቦታ የለም» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

እኔ በዚያ ሰዓት የት ነበርኩ? እዚሁ ከተማ ሪያድ ሰፈር ነበርኩ፤ በዶክተር አብደልራሒም ቪላ፣ የሳሎናቸውን ዋይፋይ ላስተካክል። ዶክተር፣ ይህን የምናገረው ላሳፍርዎት አይደለም። እርስዎ እንኳ አልጠየቁም ነበር፤ አቶ በለጠ ናቸው ደስ ሊያሰኙዎት ብለው የላኩኝ።

አቶ በለጠ ደወሉልኝ። «ሎጉ ሞልቶ ነው» አልኳቸው። «ምንም አይንኩ፤ ረክሻ ተሳፍሬ መጣሁ።»

የሰርቨሩ ዋና የይለፍ ቃል ወረቀት ላይ ተጽፎ አቶ በለጠ መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ ከደብዳቤዬ ጋር። በእሱ ገቡና ሎጉን ጨርሰው አጠፉት። ለአሥራ ሦስት ወር ሊነካ የማይችል የነበረው ሰርቨር በዚያ ቀን ፊርማ አላስፈለገውም።

አጠፉት፤ ዲስኩ ግን እንደሞላ ቀረ። ለምን? ፕሮግራሙ ፋይሉን እንደያዘው ስለነበረ ነው። ስሙ ከዝርዝሩ ይጠፋል እንጂ፣ ፕሮግራሙ እስካልለቀቀው ድረስ ፋይሉ ቦታውን ይዞ ይቆያል። ይህ በደብዳቤዬ ሦስተኛ አንቀጽ ላይ ተጽፎ ነበር። ሦስተኛ አንቀጽ ድረስ ማን ያነባል?

አሁን ስለ ለምለም ልንገራችሁ። ለምለም ሪያድ ሰፈር በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ ናት። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች፣ ደም እየፈሰሳት መጣች። ደም ሊሰጣት ስለሆነ የደም ዓይነቷ መታወቅ ነበረበት። ሲስተሙ ስለቆመ ቴክኒሻኖቹ ውጤት በቁራጭ ወረቀት ይጽፉ ጀመር። ያን ቀን ኮሪደሩ ውስጥ ሁለት ለምለሞች ነበሩ። አንዷ ለትዳር ምርመራ የመጣች፣ ሌላዋ ደም የሚፈሳት። ወረቀቶቹ ተቀያየሩ።

ሐምዲያ ወረቀቱን አየች፤ የአባት ስም የለውም። «ይህን ይዤ ደም አላስወጣም» አለች። አቶ በለጠ «ሴትዮዋ እየሞተች ነው፣ ያላ፣ ቶሎ በይ» ብለው ጮኹባት። ሐምዲያ ራሷ መርፌ ይዛ ለምለም ወደተኛችበት ሄደች፣ አዲስ ደም ቀዳች፣ በእጇ መረመረች። ወረቀቱ ላይ የነበረው የሌላዋ ለምለም የደም ዓይነት ነበር። ያ ደም ቢገባባት ኖሮ ሁለቱም፣ እናትም ልጅም፣ ዛሬ አይኖሩም ነበር። ሐምዲያ፣ ይህንን ደግሞ ተርጉሚው። ቀና በይና ተርጉሚው።

ልጅቷ በዚያው ቀን ያለጊዜዋ ተወለደች። አምስት ወሯ ነው አሁን። ባለፈው ሳምንት አይቻታለሁ፤ ጉንጯ ሞልቷል።

ከቀትር በኋላ የለምለም አሠሪ መጣ። ትልቅ ሰው ነው፣ ስልኩ ውስጥ ትልልቅ ሰዎች አሉ። «ሠራተኛዬን ልትገድሏት ነበር፤ ማነው ጥፋተኛው?» አለ። እስኪመሽ ድረስ አንድ ጥፋተኛ መገኘት ነበረበት። አቶ በለጠ ዘንድ ሁለት ምርጫ ነበር፤ መሳቢያ ውስጥ ያለው ደብዳቤ ወይም ሌላ ሰው። ሌላ ሰው መረጡ።

ዝናሽን የማታውቁ ካላችሁ፣ ዝናሽ ስድስት ዓመት ይህን ሕንፃ ያጸዳች ሴት ናት። ያን ጠዋት ዝናብ ገብቶ ስለነበረ የሰርቨሩን ክፍል ወለል እንድትወለውል ራሳቸው አቶ በለጠ ልከዋታል። «ገመዱን ነቅላዋለች» አሉ። በቃ። ዝናሽ የመኖሪያ ወረቀቷ፣ ኢቃማዋ፣ ጊዜው አልፎ ነበር። «ሹርጣ ሳይመጣ ሂጂ» አሏት፤ ከፖሊስ ያዳኗት ይመስል፣ እንደ ውለታ። በግቢው መሀል፣ ጋወኗን አስወልቀው፣ በሁላችን ፊት።

በሁላችን ፊት ነው ያልኩት። ሠላሳ አራት ሰው ቆሞ ያይ ነበር። ስድስት ዓመት ጠረጴዛችሁን የጠረገች ሴት ናት። አንድ ሰው «ቆይ፣ እስኪ ይጣራ» ብሏል? ሻምበል ብቻ ነው በር ላይ ተነስቶ እጇን የጨበጣት። ከዲግሪያችሁ ሁሉ የሻምበል ያ እጅ ይበልጣል።

እኔም ከሠላሳ አራቱ አንዷ ነበርኩ። ከእናንተም የባስኩ ነበርኩ፤ እናንተ አታውቁም ነበር፣ እኔ ግን አውቅ ነበር። ከሪያድ እንደደረስኩ መጀመሪያ ያደረግሁት ሰርቨሩን ማጥፋት ሳይሆን ፋይሉን ማዳን ነበር። ፕሮግራሙ እስከያዘው ድረስ ከእጁ ላይ መቅዳት ይቻላል። ውጫዊ ዲስክ ሰክቼ ቀዳሁት። ከዚያ ነው ፕሮግራሙን ዘግቼ የከፈትኩት፤ ቦታው ተለቀቀ፣ ሁሉም ነገር ሠራ። በተቀዳው ሎግ ላይ «ቦታ የለም» የሚለው የመጀመሪያው መስመር የተጻፈው ሦስት ሰዓት ከአርባ አንድ ላይ ነው። ፕሮግራሙ ለዘጠና ሰባት ቀን አንዴም አልጠፋም። ገመድ ቢነቀል ይጠፋ ነበር። ዝናሽ ወደዚያ ክፍል የተላከችው ደግሞ አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ የሻምበል ደብተር ላይ ቁልፉ የተወሰደበት ሰዓት አለ።

ይህ ሁሉ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ዶክተር በግቢው መሀል «ሰፋ፣ ገመዱ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «ገና እያየሁ ነው» አልኩ።

ለምን? ውሌ የሚታደስበት ሳምንት ስለነበረ ነው። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ብፈልግ አላገኘሁም። አምስት ወር ፈልጌያለሁ።

ሐሙስ ዕለት ማዮ ሰፈር፣ ዝናሽ ቤት ሄድኩ። ረክሻው ጭቃው ውስጥ አልገባ ስላለ የመጨረሻውን በእግሬ ሄድኩ። ዝናሽ ከሁለት ሴቶች ጋር የምትጋራት አንዲት ክፍል አለቻት። በሩን ከፍታ ስታየኝ ወደ ኋላዬ ተመለከተች።

«ሹርጣ ይዘሽ መጣሽ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«ገመዱን አልነካሁም፣ ሰፋ።»

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከማክሰኞ ጀምሮ።»

 «ዛሬ ሐሙስ ነው» አለችኝ።  ወንበር አምጥታ አስቀመጠችኝ፣ ለጭቃዬ ውሃ ሰጠችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በሚቀጥለው የሥራ ቀን ሎጉን አትሜ ለዶክተር አብደልራሒም አቀረብኩ። አቶ በለጠም ነበሩ። ዶክተር መስመር በመስመር አነበቡት፤ ይህን ልመሰክርላቸው ይገባል። ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

አቶ በለጠ «ይህ ፋይል ጠፍቷል፤ እኔ ራሴ አጥፍቼዋለሁ» አሉ።

«ለምን አጠፉት?» አሏቸው ዶክተር።

አቶ በለጠ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳቡ። 

ዶክተር ወደ እኔ ዞሩ። «ስንት ቅጂ አለው?»

«አንድ እርስዎ ጋ፣ አንድ እኔ ጋ፣ አንድ ሐምዲያ ጋ።»

«ኸላስ፣ በቃ» አሉ። በድካም ነው ያሉት።

ከዚያ ምን ሆነ? ፍትሕ ሆነ ብላችሁ እንዳትጠብቁ፤ ይህ መሥሪያ ቤት ነው። ለዝናሽ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ተጻፈላት፤ ሁለት መስመር። «ከተፈጠረው የቴክኒክ ችግር ጋር ግንኙነት የላትም» ይላል። ይቅርታ የሚል ቃል እንዲገባበት ጠይቄ ነበር። አቶ በለጠ «ይቅርታ የሕግ ጣጣ ያመጣል» አሉ። ወደ ሥራዋ እንድትመለስም ተጠራች። «ጋወኔን ያስወለቁኝ ግቢ ውስጥ ጋወን አልለብስም» ብላ አልመጣችም። አሁን ኢቃማዋን አድሳለች፤ አል-ሳሃፋ አንድ የልብስ ስፌት ቤት ትሠራለች።

አቶ በለጠስ? አቶ በለጠ «ለቀውስ አመራር» የምስጋና ወረቀት ተሰጣቸው። ወረቀቱ ከወንበራቸው በላይ ተሰቅሏል፤ ሚስማሩን የመታሁት እኔ ነኝ።

የሎጉ ጉዳይም ፊርማ አገኘ፤ ከአደጋው በኋላ አምስት ሳምንት ወስዶ። ከመጀመሪያው ደብዳቤ ስንቆጥር አሥራ አራት ወር ማለት ነው። አሥሩን መስመር በሃያ ደቂቃ ጻፍኩ። መጀመሪያ ለሙከራ ብቻ አስኬድኩት፤ ያ መሣሪያ እንዲህ ሲታዘዝ ምንም ሳይነካ ሊያደርግ ያሰበውን ይናገራል። ከመንካቱ በፊት የሚያስብ ነገር በዚህ ሕንፃ ውስጥ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዲስኩ ከሲሶ በላይ ሞልቶ አያውቅም። በዓመታዊው መጽሔት ላይ «አስተዳደሩ ያካሄደው የዲጂታል ማሻሻያ» ተብሎ ወጥቷል፤ የአቶ በለጠ ፎቶም አለበት። ከሰርቨሩ አጠገብ ቆመዋል። የተደገፉት ግን ሰርቨሩን አይደለም፣ የባትሪውን ሣጥን ነው።

ለምን እንደምሄድ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። «የተሻለ ደመወዝ አግኝታ ነው» ተብሏል አሉ። ባለፈው ወር ለለምለም አሠሪ የሚላክ ሪፖርት ተዘጋጀ። «ችግሩ የተፈጠረው በመብራት መቆራረጥ ነው» ይላል። ከታች «የሰርቨር ኃላፊ ሰፋ» የሚል መስመር ተሰምሮ ነበር። እኔ አንድ ፊርማ አሥራ አራት ወር ጠበቅሁ፤ የእኔ ፊርማ ግን እስከ ምሳ ሰዓት ተፈለገ።

አልፈረምኩም። ያን ማክሰኞ አንድ ጊዜ ዝም ብያለሁ፤ ሁለተኛ አይደገምም። በማግሥቱ የመልቀቂያ ደብዳቤዬን አስገባሁ። እሱ በዚያው ቀን ተፈረመ።

ከእንግዲህ ኦምዱርማን አንድ የእናቶች ሆስፒታል ውስጥ እሠራለሁ። ደመወዙ ከዚህ ያንሳል። መጀመሪያ ቀን ስገባ «ሎጋችሁን እንዴት ነው የምትይዙት?» ብዬ እጠይቃለሁ። ዓመት አለን ካሉኝ እንኳ በዚያው ቀን እጽፈዋለሁ፤ ከፈለጉ ያባርሩኝ።

እንግዲህ ልመርቃችሁና ልሂድ።

ሐምዲያ፣ እጅሽ ይባረክ፤ የጮኸብሽ ሁሉ ይለፍሽ። ሻምበል፣ ዕድሜህን ያርዝመው፤ ልጆችህ እንዳንተ ቆመው የሰው እጅ የሚጨብጡ ይሁኑ። በእኔ ቦታ ለገባው ለዋኢል የምመኘው አንድ ነገር ነው፤ ደብዳቤህን የሚያነብ አለቃ ይስጥህ፤ ካልሰጠህም ድፍረት ይስጥህ። ዶክተር አብደልራሒም፣ መልካም ሰው ነዎት፤ እውነቱን ሲያነቡ መነጽርዎን ያወልቃሉ። አንድ ቀን ሳያወልቁ የሚፈርሙበት ብርታት ይስጥዎ። አቶ በለጠ፣ ለእርስዎም ጤና እመኛለሁ። ሌላውን እመኝልዎ ነበር፤ ግን ሦስተኛ አንቀጽ ላይ ስለሚገባ አይደርሱበትም።

እናንተ ባልደረቦቼ፣ ባልሠራችሁት ስማችሁ አይነሳ። ቢነሳም ከሠላሳ አራት ሰው መሀል አንድ «ቆይ» የሚል አይታጣባችሁ። ወደዕትኩም አላህ፤ ለፈጣሪ አደራ ሰጥቻችኋለሁ።

አንድ ነገር ይቀራል። ለዚህ ግብዣ አንድ እንግዳ መጥራት እንደምችል ተነግሮኝ ነበር። ጠርቻለሁ። ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ አረንጓዴ ቶብ ለብሳ የተቀመጠችው ዝናሽ ናት። አልመጣም ብላ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ማዮ ተመላልሼ ለመንኳት። ከጠዋት ጀምሮ አጠገቧ ያሉት ሁለት ወንበሮች ባዶ ናቸው።

እኔን ለመሰናበት አትቸኩሉ። መጀመሪያ እሷን ሰላም በሏት። ዶክተር፣ ከእርስዎ ይጀመር። አቶ በለጠ፣ እርስዎ ሁለተኛ ነዎት፤ ደብዳቤው ላይ ያልገባውን ቃል በአፍዎ ይንገሯት። እኔ እዚሁ ቆሜ እጠብቃለሁ።